የፍለጋ ሞተር የምንመርጠው ስለጠቀመን ነው ወይስ ስለለመድነው?

መነሻ፦ ሰው አንዱን የፍለጋ ሞተር ወድዶ ሌላውን የማይነካው ለምንድን ነው? እኔ ልማድ ነው ባይ ነኝ። የምትቃወሙ ኑ።

ቀለም፦ እቃወማለሁ። ተመራማሪው ፍሬድ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1989 ባቀረበው ሞዴል ሰው አንድን ቴክኖሎጂ የሚቀበለው «ይጠቅመኛል» እና «አያስቸግረኝም» ብሎ ሲያምን ነው። ጎግል በ1998 ሲመሠረት ሜዳውን እነ አልታቪስታና ያሁ ይዘውት ነበር። ሰው ጥሏቸው የሄደው የፈለገውን ቶሎ ስላገኘ ነው። ማን አስገደደው?

መነሻ፦ ያኔስ እሺ። ዛሬስ? ጎግል በስልክና በብሮውዘር ላይ ዲፎልት (ተጠቃሚው ሳይመርጠው ቀድሞ የተቀመጠ) ሆኖ እንዲገኝ በ2021 ብቻ 26.3 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል። አሜሪካ ውስጥ በተካሄደው የሞኖፖሊ ክስ የወጣ ቁጥር ነው። ሰው በራሱ እግር የሚመጣ ከሆነ ይህን ሁሉ ገንዘብ ምን አስወጣው?

ቀለም፦ ዊንዶውስ ላይ ዲፎልቱ የማይክሮሶፍቱ የፍለጋ ሞተር ቢንግ አይደል እንዴ? ታዲያ ቢንግ ላይ ከሁሉ በላይ የሚፈለገው ቃል «ጎግል» መሆኑን የጎግል ጠበቃ በ2021 ለአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ተናግረዋል። ሰው ካልፈለገ ዲፎልት አያስረውም።

መነሻ፦ ያ ሰው ቢንግን ሞክሮ ነው የጠላው? አልሞከረውም እኮ! እጁ የለመደውን ስም ጻፈ።

ታዛቢ፦ ሁለታችሁም እምነትን ረሳችሁ። እስቲ እጃችሁን ተመልከቱት። ጥያቄውን ጽፋችሁ ሳትጨርሱ ከሥር የመጣውን ጥቆማ ትነካላችሁ። ከዚያ አንደኛውን ሊንክ። ማስታወቂያ መሆኑን የሚናገረውን ትንሽ ጽሑፍ ዓይናችሁ ይዘለዋል። በ2007 የታተመ የዓይን እንቅስቃሴ ጥናት ላይ የጎግል ውጤቶች ቅደም ተከተል ሳይነገራቸው ሲቀያየር እንኳ ተማሪዎቹ ከላይ ወዳለው ያደሉ ነበር። ብዙም የማይገናኘው ከላይ ቢቀመጥም! «ጠቀመኝ» የምንለው ራሱ ከእምነት የሚመጣ ነው። ለእኔ የክርክሩ እምብርት ይህ ነው።

ቀለም፦ እምነቱም ከሰማይ አልወረደም። ደጋግሞ ልክ ሆኖ ስለተገኘ ነው።

ጥንቃቄ፦ ግላዊነትን ማንም አለማንሳቱ ያሳዝናል። በ2006 አኦኤል የተባለው የአሜሪካ የኢንተርኔት ኩባንያ የ650 ሺህ ገደማ ተጠቃሚዎችን ፍለጋ ይፋ አወጣ። ስማቸው በቁጥር ተተክቶ ነበር። ጋዜጠኞች ግን ከተጻፉት ጥያቄዎች ተነስተው አንዲት ሴት ማን እንደሆነች ደረሱበት። ሰው ለቤተሰቡ የማይነግረውን ሕመም እዚያ ሳጥን ውስጥ ይጽፋል! እኔ የጤና ነገር ሲሆን የምፈልገው ግላዊነትን እጠብቃለሁ በሚለው የፍለጋ ሞተር በዳክዳክጎ ላይ ነው። አንዳንዴ ውጤቱ ያንሳል፤ እችለዋለሁ።

ቀለም፦ አንቺ ትችይዋለሽ። ብዙው ሰው ግን ሁለት ጊዜ ካጣ ተመልሶ አይመጣም።

መነሻ፦ ሁለት ጊዜ ማጣቱ ቀርቶ፣ አንዴ እንኳ መቼ ሞከረ?