አስቸኳይ! የሆቴሉ ካዝና አልከፈት አለ፣ ፓስፖርታችን ውስጥ ነው

ሙሽራው፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ! መስቀል አደባባይ አካባቢ አንድ ትልቅ ሆቴል ነን። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያለው ካዝና ተበላሸ። ቁጥር ስነካ ቀይ እያበራ ይጮሃል። የሁለታችን ፓስፖርት፣ ዶላሩ፣ የኔ መታወቂያ ሳይቀር እዚያ ነው። በረራችን 11፡30። ምን ይሻላል?

የፒያሳ ልጅ፦ አሁን እኮ 10 ሰዓት ሆኗል! ፓስፖርቱ ቢወጣም አትደርስም፣ አርፈህ ማኪያቶህን ጠጣ።

ሙሽራው፦ ኧረ ትኬቱ ላይ 23፡30 ነው የሚለው። ማታ 5 ሰዓት ተኩል።

የፒያሳ ልጅ፦ እንደሱ በል እንጂ። ልቤ ቀጥ ሊል ነበር።

ታዛቢ፦ የአዲስ አበባ ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ ሆቴል የሚያድረው ለምንድን ነው? የአዳሩ ዋጋ አለ፣ 10 ፐርሰንት ሰርቪስ አለ፣ በላዩ 15 ፐርሰንት ቫት አለ። ድሮ ሙሽራ ጫጉላ ቤት ነበር የሚገባው። ጫጉላ ቤት ካዝና የለ፣ የሚቆለፍበትም ሰው የለ።

እቴቴ፦ እንኳን ደስ ያላችሁ ልጄ። ሪሴፕሽን ደውሉ።

ሶፊ፦ ክፍሉ ውስጥ ባለው ስልክ ሪሴፕሽን ደውል።

ሙሽራው፦ ደውያለሁ። «ሰው እንልካለን» ካሉ ግማሽ ሰዓት አለፈ።

የሆቴል ሰው፦ ሆቴል ጥበቃ ላይ ዓመታት ሠርቻለሁ። ስልኩን ተወውና ራስህ ወርደህ ዱቲ ማናጀሩን ጥራ። የካዝና መክፈቻው ያለው እሱና ሴኩሪቲው ጋ ነው፤ ጥገና ክፍል ብቻውን አይከፍትም። ሁለት ሆነው ይመጣሉ፣ አንተ ባለህበት ይከፍታሉ፣ ያስፈርሙሃል። ማንነትህን ይጠይቁሃል። መታወቂያው ውስጥ ከሆነ ስትገቡ ኮፒ ያደረጉት ይኖራል፤ ፋይዳህም ስልክህ ላይ ካለ አሳያቸው። ደግሞ ቦሌ ቅርብ ነው ብለህ አትዘናጋ፣ የሥራ መውጫ ሰዓት ላይ የቦሌን መንገድ ታውቀዋለህ። ማታ 2 ሰዓት ተኩል ኤርፖርት ብትገኙ ጥሩ ነው።

ኤሌክትሪሻኑ፦ ቆይ፣ ማን ተበላሸ አለህ? የባትሪ ድንጋዩ ቢሞት ኖሮ መቼ ይጮህ ነበር! ካዝናው «ቁጥሩ ስህተት ነው» እያለህ ነው። ደጋግመህ ስትሳሳት ደግሞ ለተወሰነ ደቂቃ ራሱን ይዘጋል፤ ያኔ ትክክለኛውን ብታስገባም አይሰማህም። እጅህን አንሳለት። ስንቴ ሞከርክ? ኮዱንስ ማን ነው ያስገባው?

ሙሽራው፦ ሃያ ጊዜ ይሆናል። ያስገባችው እሷ ናት፣ «ልደቴ ነው» ብላኛለች። ፀጉር ቤት ሄዳለች፣ ስልኳ ተዘግቷል። ልደቷ መስከረም 17 ነው፣ 1701 እላለሁ፣ እምቢ።

የፒያሳ ልጅ፦ የክፍል ቁጥሩንም ጻፍልን እንጂ፣ ምን ቀረህ?

ማሂ፦ በፈረንጅ አስገብታው ቢሆንስ? መስከረም 17 ሴፕቴምበር 27 ነው። ትንሽ ጠብቀህ 2709 በል።

ሶፊ፦ ሪሴፕሽን ካላነሱ ደጋግመህ ደውል።

ባሕረ ሐሳብ፦ ሁሌ 27 አይሆንም። ጳጉሜ 6 ስትሆን የሚቀጥለው መስከረም በፈረንጁ አንድ ቀን ይገፋል። የስንት ዓመተ ምሕረት ልጅ ናት?

ሙሽራው፦ የ88።

ባሕረ ሐሳብ፦ በቃ። የ1987 ጳጉሜ 6 ነበረች። ስለዚህ መስከረም 17 ቀን 1988 ሴፕቴምበር 28፣ 1995 ነው። 2809 ሞክር። ፓስፖርቷ ላይ አረጋግጥ ልልህ ነበር፣ ለካ የተቆለፈው እሱ ነው።

ማሂ፦ ወይም 0928። አሜሪካኖቹ ወሩን ነው የሚያስቀድሙት።

ታዛቢ፦ ይኸው! የሚስቱን ልደት በሁለት ካላንደር ሳያውቅ ያገባ ሰው።

ኤሌክትሪሻኑ፦ ሁለቱንም ባንዴ እንዳትደረድር፣ ደግሞ ይዘጋብሃል። አንዱን ሞክር፣ እምቢ ካለ ዱቲ ማናጀሩን ጠብቅ።

እቴቴ፦ ሪሴፕሽን ደውሉ ብያለሁ እኮ።

የፒያሳ ልጅ፦ ሙሽራው? ከምሽቱ 2 ሰዓት ሆነ። ተከፈተ?

የፒያሳ ልጅ፦ ኧረ ሰውዬው!

እቴቴ፦ ልጅቷ ከፀጉር ቤት መጥታ ይሆናል። ተዋቸው።