ከክረምት በኋላ የእንጨት በረንዳ ወለል በምን ይጸዳል?

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ነን። ክረምቱ ወጣ፣ የበረንዳችን ሳንቃ ግን አረንጓዴ ለብሶ ያንሸራትታል። በበረኪና ልጠበው ወይስ የመኪና ማጠቢያ ፓምፕ ልከራይ?

መልስ፦ ፓምፑን ተወው፣ እንጨቱን ይልጠዋል! መጀመሪያ በሳንቃዎቹ መሃል የተወተፈውን ቅጠል በቢላ ጫፍ አውጣ፣ እርጥበቱን ይዞ የሚያበሰብሰው እሱ ነው። ከዚያ ለብ ባለ ውሃና ትንሽ ኦሞ፣ በእንጨቱ መስመር እየሄድክ በብሩሽ ፈትግ። የሽቦ ብሩሽ እንዳታስጠጋው።

መልስ፦ በረኪናውም ይቅርብህ ወንድሜ፣ እጣቢው ጣና ነው የሚገባው።

ጠያቂው፦ እሺ፣ ከዚያስ ቫርኒሽ ልቀባ?

መልስ፦ ቫርኒሽ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት ይላጣል። በደንብ ይድረቅና ለውጭ የሚሆን የእንጨት ዘይት ስስ አድርገህ ቀባ። የቀባህበትን ጨርቅ ግን ጠቅልለህ አትጣል፣ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ውጭ ዘርግተህ አድርቀው።