የእድገት ሆርሞን እና ኮሌስትሮል ምን አገናኛቸው? ለወንድሜ ነው

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ ፒቱታሪ ዕጢው (አንጎል ሥር ያለው፣ የእድገት ሆርሞንን የሚያመነጨው ዕጢ) ላይ የነበረ እባጭ በቀዶ ሕክምና ወጥቶለታል። ከዚያ ወዲህ ኤልዲኤሉ (መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል) አልወርድ አለ፤ የመጨረሻው ውጤት 178 ነው። ሰውዬው ቀጭን ነው፣ ቅባትም አይወድም። ሐኪሙ «የእድገት ሆርሞን ማነስም ሊሆን ይችላል» ብሎ ለጊዜው አቶርቫስታቲን አዘዘለት፤ ስታቲን ከሚባሉት የኮሌስትሮል ክኒኖች አንዱ ነው። የጂም ጓደኛው ደግሞ «ክኒኑን ተወው፣ ሆርሞኑን በመርፌ አመጣልሃለሁ» እያለው ነው። ግራ ገባን።

የባዮኬሚስትሪ መምህር፦ እህቴ፣ ሆርሞኑ ቁመት ካቆመ በኋላም ሥራ አይፈታም። የጉበት ሴሎች ላይ ኤልዲኤልን ከደም ይዞ ወደ ውስጥ የሚያስገባ ሪሴፕተር አለ። ብራውን እና ጎልድስታይን በ1985 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለሙት በዚሁ ዙሪያ ባደረጉት ምርምር ነው። ሪሴፕተሩ ካነሰ ኤልዲኤል ደም ውስጥ ይከማቻል፣ ምግቡ ምንም ቢሆን።

በ1992 እ.ኤ.አ. የስዊድን ተመራማሪዎች ፒቱታሪያቸው የወጣ አይጦችን አጠኑ። ኢስትሮጅን (የሴት ሆርሞን) በጤነኛ አይጥ ጉበት ላይ ሪሴፕተሩን ያበዛል። እነዚህ ላይ ግን የእድገት ሆርሞን ካልተጨመረ እንደሚገባው አልሠራም። የሐሞት ጠጠር ያለባቸው ሰዎችም ሆርሞኑ ሲሰጣቸው የጉበታቸው ሪሴፕተር በእጥፍ ገደማ ጨመረ፣ ኮሌስትሮላቸውም ወረደ። ስለዚህ የሐኪሙ ጥርጣሬ ከመሬት የተነሳ አይደለም።

ፋርማሲስት፦ ልክ ነው፣ ግን ይሄን ይዞ ወደ ጂም መርፌ መሮጥ አይገባም! ስታቲንም እኮ መጨረሻው እዚያው ሪሴፕተር ላይ ነው። ጉበት ኮሌስትሮል መሥራቱን ይቀንስበታል፤ ሴሉ ሲጎድለው ብዙ ሪሴፕተር አውጥቶ ከደም ይሰበስባል። የእድገት ሆርሞን ግን የኮሌስትሮል መድኃኒት አይደለም። እጥረቱ በምርመራ ለተረጋገጠ ሰው፣ በሐኪም ክትትል ነው የሚሰጠው። ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ እግር ያሳብጣል፣ መገጣጠሚያ ያሳምማል። ሊፖፕሮቲን ኤ የሚባለውን ሌላ መጥፎ ቅባት ደግሞ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። እባጭ ለነበረበት ሰው ቀሪ መኖር አለመኖሩ ሳይታይ አይጀመርም። ከጂም የሚመጣው መርፌ በፍሪጅ ይቀመጥ አይቀመጥ ማን ያውቃል?

ነርስ፣ ኢንዶክሪን ክሊኒክ፦ ታይሮይዱ ታይቷል? የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስም ያው ሪሴፕተር ይቀንሳል።

ጠያቂ፦ ቲኤስኤች (ታይሮይድን የሚያዘው ሆርሞን) ተሠርቶለት «ኖርማል» ነው ተባለ።

ነርስ፣ ኢንዶክሪን ክሊኒክ፦ ከፒቱታሪ ቀዶ ሕክምና በኋላ ቲኤስኤች ብቻውን አያስተማምንም። ቲኤስኤችን የሚያመነጨው ራሱ ፒቱታሪ ነዋ! ፍሪ ቲ4 (ታይሮይዱ ራሱ የሚያወጣው ሆርሞን) ይሠራለት። የጠዋት ኮርቲዞልም (ከአድሬናል ዕጢ የሚወጣው ሆርሞን) ይጨመር፤ ኮርቲዞሉ ዝቅ ያለ ሰው የታይሮይድ ክኒን ቀድሞ ከጀመረ አደገኛ ነው። ለእድገት ሆርሞኑ አይጂኤፍ-1 (በእድገት ሆርሞን ትእዛዝ በተለይ ጉበት የሚያመነጨው) ይታያል፤ ካስፈለገ ሆርሞኑን የሚቀሰቅስ መድኃኒት ተሰጥቶ ደም እየተወሰደ የሚደረግ ምርመራ አለ። ደም በዘፈቀደ ሰዓት ቀድቶ የእድገት ሆርሞንን መለካት ግን ገንዘብ ማባከን ነው፣ ቀኑን ሙሉ ከፍ ዝቅ ስለሚል።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ፍሪ ቲ4 እና ኮርቲዞል ብዬ ጽፌያለሁ፣ ለሐኪሙ አሳየዋለሁ። እስከዚያ አቶርቫስታቲኑን ያቁም?

ፋርማሲስት፦ አያቁም። የጡንቻ ሕመም ወይም የሽንት መጥቆር ካየ ግን ሳይውል ሳያድር ሐኪሙ ጋ ይሂድ።