አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድና ጤና አዳም ከስኳርና ከግፊት መድኃኒት ጋር አብረው ይወሰዳሉ?

ጠያቂ፦ የአራት ኪሎ ነዋሪ

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ መድረክ ላይ የፋርማሲና የእፅዋት ሳይንስ ባለሙያዎች እንደሚሳተፉ ስለማውቅ ጥያቄዬን ዘርዘር አድርጌ ላቅርብ። እናቴ ስኳርና የደም ግፊት ስላለባት ለስኳሩ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላሚድ፣ ለግፊቱ ኢናላፕሪል፣ እንዲሁም አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን በሐኪም ታዝዞላት ትወስዳለች። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ግን በጎረቤትና በዘመድ ምክር ጠዋት በባዶ ሆዷ ሲዘፈዘፍ ያደረ አብሽ፣ ከሰዓት በማር የተለወሰ ጥቁር አዝሙድ፣ ማታ ደግሞ በጥሬው የተከተከተ ነጭ ሽንኩርት መውሰድ ጀምራለች። ሰሞኑን በዚህ ላይ ከመርካቶ የገዛችው፣ በላስቲክ የተቋጠረና ምንም ጽሑፍ የሌለበት አረንጓዴ ዱቄት ተጨምሮበታል፤ ሻጩ «ለስኳርም፣ ለግፊትም፣ ለጨጓራም ነው» ብሏታል። ረፋድ ላይ እጇ ሲንቀጠቀጥና ላብ ሲያጠምቃት አይቻለሁ፤ እርሷ ግን መድኃኒቱ ሲሠራ ነው ትለኛለች።

ሌላው ጉዳይ እህቴን የሚመለከት ነው። ነፍሰ ጡር ናት፤ ሆዷን ሲነፋት በረንዳችን ላይ በዘይት ቆርቆሮ ከተተከለው ጤና አዳም ጨምቃ ልትጠጣ ትፈልጋለች። በእነዚህ ተክሎች ውስጥ በእርግጥ ያለው ምንድን ነው? የትኛው ይጠቅማል፣ የትኛውስ ከመድኃኒቱ ጋር ይጋጫል?

መልስ፦ ፋርማሲስት ዘካዛንቺስ

ሌላው ሁሉ ይቆየንና ስለ መንቀጥቀጡና ስለ ላቡ ልናገር፤ ምክንያቱም እነዚህ የስኳር መጠን ከሚገባው በታች መውረዱን የሚያመለክቱ ዋና ምልክቶች ናቸው። ግሊቤንክላሚድ ሰው ይብላም አይብላም ቆሽት ስኳርን የሚያወርደውን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ይገፋፋል። አብሽ በበኩሉ ጋላክቶማናን የሚባል፣ በውሃ የሚሟሟና የሚያሙለጨልጭ ቃጫ ስላለው ከምግብ የሚገኘው ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ይቀንሳል፤ ከዚህም ሌላ ፎር ሃይድሮክሲ አይሶሉሲን የተባለው አሚኖ አሲዱ የኢንሱሊንን መመንጨት እንደሚያግዝ በምርምር ታይቷል። እናትዎ ሁለቱን ደርበው ቁርስ ካዘገዩ የሚሆነው እርስዎ ያዩት ነው።

ምልክቱ ሲታይ ወዲያውኑ በመለኪያው ይለኩ። በዴሲ ሊትር ከ70 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ 15 ግራም ያህል ስኳር፣ ማለትም ሦስት የሻይ ማንኪያ፣ በውሃ በጥብጠው ያጠጧቸውና ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግመው ይለኩ፤ ከተስተካከለ ምግብ ይብሉ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፍ ምንም ሳይሰጡ ፈጥነው ወደ ሆስፒታል ይውሰዷቸው። ለጊዜው የሚቆመው አብሹና ያ አረንጓዴ ዱቄት ነው፤ የታዘዘውን መድኃኒት በራሳችሁ ፈቃድ እንዳታቋርጡ። አብሹ በወጥና በቅመም መልክ ቢገባ የሚያሳስብ አይደለም።

መልስ፦ የመድኃኒት ኬሚስትሪ መምህር

ከፋርማሲስቱ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ እኔ በውስጣቸው ምን አለ ወደሚለው ልግባ። ነጭ ሽንኩርት ሳይነካ ብዙም አይሸትም፤ አሊይን የተባለው ውህዱና አሊኔዝ የተባለው ኢንዛይሙ በየራሳቸው ክፍል ተለያይተው ይቀመጣሉ። ሲከተከት ሁለቱ ይገናኙና በደቂቃዎች ውስጥ አሊሲን ይፈጠራል፤ ሽታውም የባክቴሪያ ተከላካይነቱም በአብዛኛው ከዚህ ይመነጫል። ሳይከተከት በቀጥታ የፈላ ወጥ ውስጥ ከገባ ኢንዛይሙ በሙቀት ስለሚበላሽ አሊሲን እምብዛም አይፈጠርም። ፌጦም ተመሳሳይ ጠባይ አለው፤ ደረቁ ፍሬ እንዲሁ ሲቀመጥ ምንም አያቃጥልም፣ ተወቅጦ ውሃ ወይም ሎሚ ሲነካው ግን ቤንዛይል አይሶታዮሳያኔት ይፈጠርና አፍንጫ ይሰረስራል። ስለዚህ በአንድ ተክል ውስጥ ያለውን ውህድ ስንጠይቅ የትኛው ክፍሉ እንደተወሰደና እንዴት እንደተዘጋጀ አብረን መጠየቅ ይኖርብናል። እናትዎን በተመለከተ ነጭ ሽንኩርት ግፊትን በመጠኑ እንደሚቀንስ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ነገር ግን ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ፕሌትሌቶች እርስ በርስ እንዳይጣበቁ የማድረግ ባሕርይ ስላለው በየቀኑ በጥሬው በብዛት ሲወሰድ ከአስፕሪኑ ጋር ተደምሮ የመድማት ዕድልን ሊጨምር ይችላል። ጥርስ ለማስነቀልም ሆነ ለቀዶ ሕክምና ሲቀርቡ ለሐኪሙ መናገር ያስፈልጋል።

የጥቁር አዝሙድ ስም ያተረፈው ውህድ ታይሞኩዊኖን ነው። በሰዎች ላይ የተደረጉት ጥናቶች አብዛኞቹ አነስተኛ ቢሆኑም ግፊትንና ስኳርን ጥቂት ዝቅ እንደሚያደርግ አመልክተዋል። መድኃኒትን የሚተካ ግን አይደለም፤ ከግሊቤንክላሚድ ጋርም ያው የመደራረብ ጥያቄ ይነሳበታል።

እግረ መንገዴን ለእናትዎ ሊነግሯቸው የሚገባ አንድ ነገር አለ። «የሐኪሙ መድኃኒት ኬሚካል ነው፣ የእኔው ግን ቅጠል ነው» የሚሉ ከሆነ ሜትፎርሚን ራሱ ታሪኩ ከተክል ይጀምራል። ጋሌጋ ኦፊሺናሊስ የተባለ የአውሮፓ ተክል ጋሌጂን የሚባል ስኳር የሚያወርድ ውህድ አለው፤ መርዛማነቱ ስለበረታ ግን ለሕክምና አልበጀም። የእርሱ ዘመድ የሆነው ሜትፎርሚን በ1922 እ.ኤ.አ. በላቦራቶሪ ተሠርቶ በ1957 ዣን ስተርን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ለስኳር ሕመምተኞች መስጠቱን አስታወቀ። አስፕሪንም በአኻያ ቅርፊት ካለው ሳሊሲን ጋር የተያያዘ መነሻ አለው። እንግዲህ እናትዎ በመድኃኒት ቦርሳቸው የተክል ልጆች ይዘው ነው የሚዞሩት፤ ልዩነቱ የእነዚህ መጠን በሚሊ ግራም የታወቀ መሆኑ ነው።

መልስ፦ ሣር ቅጠሉ (የእፅዋት ተመራማሪ)

ስለ አረንጓዴው ዱቄት ልናገር። ተክል አንዴ ደርቆ ከተፈጨ በኋላ ሽፈራው ይሁን ሌላ ቅጠል በዓይን መለየት አይቻልም። እዚያው ሰፈርዎ አራት ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ግቢ፣ ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ተክሎች ናሙና የሚጠበቅበት ማዕከል) አለ፤ ነገር ግን እዚያም ቢሆን ተክል የሚለየው ቅጠል፣ ቢቻልም አበባና ፍሬ ያለው ቅርንጫፍ ሲቀርብ ነው። ሽፈራው በኮንሶና በአርባ ምንጭ አካባቢ እንደ ጎመን ተቀቅሎ የሚበላ ጥሩ ምግብ ነው፤ ሻጩ ግን ስሙን እንኳ ያልነገረዎትን ዱቄት ሽፈራው ነው ብሎ መውሰድ ለእኔ አይዋጥልኝም።

ተክሉ በትክክል ቢታወቅ እንኳ ጥንካሬው አንድ ዓይነት አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ አጠገብ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው የቢልሃርዚያ አስተላላፊዎችን የሚገድለው በእንዶድ ፍሬ ውስጥ ያለው፣ እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የተባለ ውህድ መሆኑን ከደረሱበት በኋላ፣ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በመሆን ለዓመታት የተለያዩ የእንዶድ ዝርያዎችን ማወዳደር አስፈልጓቸዋል፤ ኃይለኛ ሆኖ የተመረጠው ዓይነት 44 የሚባለው ነበር። ኮሶም እንዲሁ ነው፤ ለኮሶ ትል የሚጠጣው የሴቴዋ ዛፍ አበባ ሲሆን መጠኑ ሲያልፍ የዓይን ነርቭን ጎድቶ እስከ መታወር ያደርሳል። አያቶቻችን በስፍር ይሰጡ የነበረው ይህን ስለሚያውቁ ይመስለኛል።

መልስ፦ አዋላጅ ነርስ

ለእህትዎ አጭር መልስ አለኝ፤ የጤና አዳም ጭማቂ በእርግዝና ጊዜ ፈጽሞ አይጠጣ። ተክሉ ማሕፀንን የሚያኮማትር ባሕርይ ስላለው በብዛት ሲወሰድ ለውርጃ ሊዳርግ፣ ጉበትና ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል። ቡና ላይ የሚጣለው አንዲት ቀንበጥ ከጭማቂው ጋር የሚነጻጸር ባይሆንም፣ እስክትወልድ ድረስ በረንዳው ላይ ቢቀር ምን ይጎድልባታል? በተጨማሪም ቅጠሉን ጨምቃ እጇን ሳትታጠብ ፀሐይ ላይ እንዳትቀመጥ፤ ፉሮኩማሪን የሚባሉት ውህዶቹ ከፀሐይ ብርሃን ጋር ሲገናኙ ቆዳን ያቃጥላሉ፣ ውሃ እስኪቋጥር ድረስም ያሳብጣሉ። ለሆድ መነፋቱ ምግብን በትንሽ በትንሹ ደጋግሞ መብላት ይረዳታል፤ ካልተሻላት በክትትል ቀኗ ትንገራቸው።

ጠያቂ፦ የአራት ኪሎ ነዋሪ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ረፋድ እንደገና ሲያንቀጠቅጣት ለክቼ 61 ሆኖ አገኘሁት፤ በተባለው መሠረት ስኳር በጥብጬ ሰጥቻት ተስተካክሎላታል፤ ነገ ሐኪሟ ዘንድ እንሄዳለን። አብሹን ለመተው ቁጥሩን ስታይ እሺ ብላለች። ጦስኝን ግን አልተውም ብላኛለች፤ ወራት ላስቆጠረ ደረቅ ሳሏ በየማታው እያፈላች ትጠጣዋለች። እርሱስ ይጎዳት ይሆን?

መልስ፦ ፋርማሲስት ዘካዛንቺስ

ለሐኪሙ የተለካውን ቁጥርና ሰዓቱን ጽፈው ይስጡት፤ የግሊቤንክላሚዱን መጠን እንደገና ለማየት ያግዘዋል። የዱቄቱን ላስቲክም ይዘው ይሂዱ።

ጦስኝ ታይሞልና ካርቫክሮል የተባሉ ዘይታማ ውህዶች ያሉት ሲሆን በሻይ መልክ ቀጠን ብሎ ሲጠጣ ጉዳቱ አይታየኝም። ይልቅ ትኩረቴን የሳበው ሳሉ ነው። ኢናላፕሪል ከሚወስዱ ሰዎች ጥቂት በማይባሉት ላይ አክታ የሌለው፣ ጉሮሮን የሚከረክርና ማታ የሚብስ ደረቅ ሳል ያስከትላል፤ ምክንያቱም የሚያግደው ኢንዛይም ብራዲካይኒን የተባለውን ውህድ የሚያፈራርሰው ጭምር በመሆኑ፣ ብራዲካይኒኑ በመተንፈሻ አካል ተጠራቅሞ ይቆጠቁጣል። ሳሉ የጀመራቸው መድኃኒቱን ከጀመሩ ወዲህ ከሆነ ነገ ይንገሩት፤ ሐኪሙ የሳንባ ነቀርሳን የመሳሰሉ ሌሎች ምክንያቶችን ካጣራ በኋላ ኢናላፕሪሉን ሎሳርታን በተባለ ሌላ የግፊት መድኃኒት ሊለውጥላቸው ይችላል፤ ሳሉም አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይተዋል። ጦስኙን ለጣዕሙ ሲሉ ቢጠጡት ግን የሚከለክላቸው የለም።