የሚሺጋን የማጥቃት መስመር በምን ተሻሻለ?

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ2020 ከ6 ጨዋታዎች 2ቱን ብቻ ያሸነፈው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን፣ በ2021 እና በ2022 ለምርጥ የማጥቃት መስመር (ተከላካዮችን እየገፉ ኳስ ይዞ ለሚሮጠው መንገድ ለሚከፍቱት አምስት ተጫዋቾች) የሚሰጠውን የጆ ሙር ሽልማት በተከታታይ የወሰደው አሠልጣኝ በመለወጡ ብቻ ነውን?

መልስ፦ አሠልጣኝ ሼሮን ሙር በ2021 መስመሩን መረከባቸው ትልቅ ድርሻ አለው፤ ሆኖም አምስቱ ተጫዋቾች እንደ አንድ ሰው ካልተንቀሳቀሱ የአሠልጣኝ ዕውቀት ብቻውን ለሯጩ መንገድ አይከፍትም። በዚያው ዓመት ኦሃዮ ስቴትን 42 ለ 27 ሲረቱ በሩጫ 297 ያርድ ማግኘታቸው ይህንኑ ቅንጅት ያሳያል።

ሌላ መልስ፦ በ2022 ከቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የተዛወረው ሴንተር (የመስመሩ መካከለኛ ተጫዋች) ኦሉሴጉን ኦሉዋቲሚም መዘንጋት የለበትም። ሴንተር ኳሱን ከማቀበሉ በፊት የተከላካዮችን አሰላለፍ አንብቦ ለጓደኞቹ ስለሚያስታውቅ፣ በእኔ ግምት ከጉልበት ይልቅ ይህ ንባብ ይበልጣል፤ ተጫዋቹም በዚያው ዓመት ለምርጥ የመስመር ውስጥ ተጫዋች የሚሰጠውን የአውትላንድንና ለምርጥ ሴንተር የሚሰጠውን የሪሚንግተንን ሽልማቶች ወስዷል።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ፤ እኔስ ምክንያቱ የክብደት ሥልጠና ብቻ መስሎኝ ነበር።