ሜካኒካል አንደኛ ልሙላ ወይስ ይቅርብኝ?

የወፍጮ ቤት ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዘንድሮ ፍሬሽማን ጨርሻለሁ፤ ዲፓርትመንት የምንሞላው ሰኞ ነው። ነጥቤ 3.4 ስለሆነ ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ የሚደርሰኝ ይመስለኛል። ያደግኩት የአባቴ ወፍጮ ቤት ውስጥ ነው። ቺንጋው (ሞተሩን ከወፍጮው የሚያገናኘው ቀበቶ) ሲላላ በድምፁ አውቃለሁ። አሥረኛ ክፍል እያለሁ ከአባቴ ጋር ኩሽኔታ ቀይረናል፤ ግሪሱ ከጥፍሬ ሥር ሳምንት ሙሉ አልለቅ ብሎኝ ነበር። ያኔ ማንም "ለሴት አይሆንም" አላለኝም። አሁን አጎቴ "ሴት ልጅ በቱታ? ሶፍትዌር ሙዪና ቢሮሽ ቁጭ በዪ" ይለኛል። የዶርም ልጆችም "ብሎን ልትፈቺ ነው?" እያሉ ይስቁብኛል። የሚገርመው፣ ትናንት ፎርሙን ስለማመድ እጄ ሶፍትዌርን አንደኛ ጽፎ አገኘሁት። ሜካኒካል የተማራችሁ እህቶች፣ እንዴት ነበር?

ቶርኖዋ፦
ተምሬዋለሁ። ከ43 ተማሪ ሴቶቹ አራት ነበርን። ትምህርቱ አይደለም ያስቸገረኝ፤ ቴርሞ (ስለ ሙቀትና ኃይል የሚያስተምረው ኮርስ) እንደሆነ ወንድ ሴት ሳይል ነው የሚጥለው። ያናደደኝ ወርክሾፕ ነው። የመጀመሪያ ቀን የቡድኔ ልጆች "ጽሑፍሽ ያምራል፣ ሪፖርቱን አንቺ ጻፊ" አሉኝ። ሙገሳ መስሎኝ ደስ አለኝ። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ስድስት ሪፖርት ጽፌ ቶርኖውን፣ ብረት መቅረጫ ማሽኑን፣ አንዴም አልነካሁትም! ከዚያ በኋላ እስክሪብቶ ይዤ መግባት ተውኩ። "አንቺስ?" ሲሉኝ "እስክሪብቶ የለኝም፣ የዓይን መከላከያ መነጽሩን አቀብሉኝ"።

ሳይት ላይ ያለው፦
እኔ ወንድ ነኝ፣ ግን ይገባኛል። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በ70/30 ጊዜ ነው፤ 70 በመቶው ተማሪ ናቹራል፣ 30 በመቶው ሶሻል ይመደብ በነበረበት። ነፍሴ ታሪክ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ "ሶሻል የሰነፍ ነው" ሲል ናቹራል ገባሁ። ይኸው ሲቪል ጨርሼ፣ በሻይ ሰዓት ለግንበኞቹ ስለ መቅደላ አወራለሁ። አጎትሽን ደግሞ በኅዳር 2008 ዓ.ም. አየር መንገዳችን በሴት ሠራተኞች ብቻ ባንኮክ ያደረሰውን በረራ አስታውሺው። ካፒቴኗ አምሳለ ጓሉ ነበሩ።

እውነቱን ልናገር፦
ሥራውንም አስቡ እንጂ። ሜካኒካል ጨርሶ ባጃጅ የሚነዳ ጎረቤት አለኝ።

ቶርኖዋ፦
እሱ ሌላ ጥያቄ ነው። ሥራ ከጠፋ ለወንዱም ጠፋ። ለጎረቤትህ ግን "ቱታ አያምርብህም" ያለው የለም።

የወፍጮ ቤት ልጅ፦
አመሰግናለሁ። ማታ ለአባቴ ደውዬ ነገርኩት። ስለ ሶፍትዌር ምንም አላለም። "ቺንጋው እንደገና ላልቷል፣ መቼ ነው የምትመጪው?" አለኝ።