ወንድሜ በአሻራ ምክንያት ሥራ እያጣ ነው፤ እባካችሁ ምከሩኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ በጠብ ሰው አቁስሎ ቀላል እስራት ተፈርዶበት ነበር። ጨርሶ ከወጣ ሦስት ዓመት አልፎታል። የተጎዳውን ሰውም ክሷል። ማረሚያ ቤት ብየዳ ተምሮ እጁ ወርቅ ሆኗል። የሠራው በር ላይ ብረቱ የቱ ጋ እንደተጋጠመ እንኳ አይታይም።

እዚህ አዲስ አበባ አሠሪዎች ይፈትኑትና ይወዱታል። ከዚያ ዋስ አምጣ፣ ከወንጀል ነጻ የሚል የአሻራ ማስረጃ አምጣ ይሉታል። እዚያ ላይ ነገሩ ያልቃል። አንዱ ቤትማ የሥራ ልብስ ሁሉ ሰጥቶት ነበር፤ በማግስቱ መልስ አሉት። ምን ሆነህ ነበር ብሎ የጠየቀው የለም። ያንገበግበኛል።

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ መሰየም የሚባል ነገር አለ። ጽኑ እስራት ከሆነ 5፣ በሌላው 2 ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ፍርዱ እንዲሰረዝ ፍርድ ቤት መጠየቅ ይቻላል። ይህን ያስፈጸማችሁ ካላችሁ፣ ከማመልከቻው ጋር ምን ምን አያያዛችሁ? ጠበቃ የግድ ነው? ከተፈቀደ በኋላስ የአሻራው ውጤት ንጹሕ ሆኖ ወጣላችሁ?

የብረታ ብረት ቤት ያላችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ ለአንድ ሳምንት ሞክሩት። ደመወዝተኛ ነኝ፤ ዋስ እኔ እሆናለሁ።